አውቶቡስ ያመለጠው ጅብ

ባለፈው ዓመት የቤት ሥራ በምናግዝበት ሞዐዶኒት፣ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ባዶ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ የድርሰት ውድድር አውጥቶ ነበር፤ ርዕሱ «ቤተሰቤ ወደ እስራኤል የመጣበት መንገድ» ይላል። ለምን እንደማይጽፍ ስንጠይቀው «እኔ እኮ እዚህ ነው የተወለድኩት። ደግሞ ፊደል እሳሳታለሁ» አለን።

እርሳሱን ተቀበልነውና «እሺ፣ የፈለግከውን አውራ፣ እኛ እንጽፋለን» አልነው። ከአያቱ ተረት የሰማውን ጅብ አመጣ። ጅቡ ወደ ኔታንያ ሊሄድ ጣቢያ ቆሟል፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ራቭ ካቭ የለውም። ሹፌሩ በሩን ዘጋበት። ሁለት ገጽ ሞላ። ስናነብለት እየሳቀ «ይሄ የኔ ነው?» አለ።

ውድድሩ ግን ጅቡን አልተቀበለም፤ ከርዕስ ወጥቷል ተባለ።

ውድድር አንጠላም። ልጅ የሚያነብለት ሰው እንዳለ ካወቀ ይጽፋል፤ ውድድር ደግሞ አንባቢ ያመጣል። የምንቃወመው የሱዳንን መንገድ ብቻ እንዲጽፉ መጠየቃቸውን ነው። ታሪኩን ማወቅ አለባቸው። በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጸል ተራራ በመንገድ የቀሩት ሲታሰቡ ልጆቻችን አብረውን ይቆማሉ። ነገር ግን የክፍል ጓደኛው ስለ ጠፈርና ስለ እግር ኳስ ሲጽፍ የእኛ ልጅ እርሳስ ባነሣ ቁጥር ለምን የሐዘን ምስክር ይሆናል? መቀለድም መዋሸትም ለእሱ ይፈቀድለት።

ስለ ቀይ እስክሪብቶውም እናውቃለን። ብዙዎቻችን ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ነን፤ ይህችን ጽሑፍ እንኳ ስንት ጊዜ እንደሰረዝናት እኛ ነን የምናውቀው።

ስግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጁት ነገር ይፈልጋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳቦና እስክስታ ይሆናል። ዳቦው ይቅር አንልም። ከጎኑ የልጆች ድርሰት ውድድር ይኑር፤ ርዕሱ ነጻ ይሁን። መጻፍ የሚከብደው እየተናገረ ሌላ ሰው ይጻፍለት። በዕብራይስጥም፣ በአማርኛም፣ ሁለቱን ቀላቅሎም ይቻል፤ አማርኛውን በዕብራይስጥ ፊደል የሚጽፍም ይምጣ። ፊደሉ ከዳኝነቱ በኋላ ከልጁ ጋር ይታረም። ከዳኞቹ አንዷ ተረት የምታውቅ አያት ትሁን። አሸናፊ ይኑር፤ ልጆች የውሸት ሽልማት ወዲያው ነው የሚያውቁት። ሆኖም የሁሉም ድርሰት ወላጆች በተሰበሰቡበት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ለሽልማቱ ታብሌት አያስፈልግም፤ የልጆቹን ድርሰት የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ትበቃለች።

እናቶችና አባቶች፣ ዕብራይስጥ አናነብምና ልንረዳ አንችልም አትበሉ። ተረቱን እስከ መሃል ንገሩትና ዝም በሉ። «ከዚያስ?» ሲላችሁ «አንተ ጨርሰው» በሉት።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ በፔራኽም ሆነ በሌላ ስኮላርሺፕ ልጅ የምናስጠና ብዙ ነን። ከሒሳቡ ሃያ ደቂቃ ብንቀንስ ሒሳቡ አይሞትም።

ልጁ አሁን አምስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሁለተኛ ክፍል መጻፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቀን። ጅቡ ራቭ ካቭ አግኝቷል፤ ችግሩ ግን ብር አልሞላበትም።