እሳት ሲነሳ ደመወዝስ?

በእኛ ዲፓርትመንት «ሪስክ ማኔጅመንት» ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፋብሪካ ይቃጠላል፣ ኢንሹራንስ ይጠራል፣ የማሽኑ ዋጋ ይገመታል፣ ካሳው ይከፈልና ሥራ ይቀጥላል። ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱ የነበሩት ሰዎች በዚያ መሃል የት እንደከረሙና ምን እንደበሉ ግን ምሳሌው አይነግረንም፤ ፈተና ላይም መጥቶ አያውቅም። ይህች ጽሁፍ ስለ እነሱ ናት።

በእኔ እምነት በሰደድ እሳት ጊዜ አንድ አሠሪ ለሠራተኛው የሚያደርገው ትልቁ ነገር ስጦታ አይደለም። በሰዓቱ «ትተህ ውጣ» ማለትና ደመወዙ እስከ መቼ እንደሚከፈል ቁርጡን መንገር ነው። ብርድ ልብሱ፣ የታሸገው ውሃ፣ «ከጎናችሁ ነን» የሚለው ባነር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለዚህ ነገር የአሜሪካዋን ካሊፎርኒያ የመረጥኩት እሳቱ እየተመላለሰ ስላስተማራቸው ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሱት የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች በኃይለኛ ነፋስ እየተነዱ ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን አወደሙ፤ ከ30 ያላነሱ ሰዎችም ሞቱ። እሳቶቹ ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር የዋሉት በወሩ መጨረሻ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ማለት ለብዙ ሠራተኛ አንድ ወር ሙሉ ወይ ቤት የለም፣ ወይ መሥሪያ ቤት የለም፣ ወይ ሁለቱም የሉም ማለት ነው።

በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ሠራተኛው የሥራ ቦታው አደጋ ላይ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነ ባለመምጣቱ ወይም ጥሎ በመውጣቱ አሠሪው ሊቀጣው አይችልም። የአደጋ ጊዜ የሚባለውም መሥሪያ ቤቱ ሲነድ ብቻ አይደለም፤ በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት የሠራተኛው መኖሪያ ወይም የልጁ ትምህርት ቤት «ልቀቁ» ከተባለም ይቆጠራል። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ልጅ ያለው መሆን አለበት! ሰው ለእርዳታ ወይም ደህንነቱን ለማረጋገጥ ስልኩን እንዳይጠቀም መከልከልም አይቻልም።

ታዲያ ሕጉ ሁሉንም አይሸፍንም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ለታካሚ ቀጥተኛ እንክብካቤ የሚሰጡ የጤና ተቋማት ሠራተኞች፣ ፈቃድ ባላቸው የመኖሪያ እንክብካቤ ቤቶች የሚሠሩም ከሕጉ ውጭ ናቸው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሁሉም ጥሎ ከወጣ አልጋ ላይ የተኙትን ማን ያወጣል? የአክስቴ ልጅ ፓሳዴና ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። የዚያን ዕለት ማታ እሷና ባልደረቦቿ ሽማግሌዎቹን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ በጭሱ መሃል ሲያሸሹ፣ የራሷም ሰፈር «ልቀቁ» ተብሎ ነበር። ልጆቿን ጎረቤት ነው ያወጣቸው።

በሦስተኛው ቀን አለቃዋ ደወለችላት። «መቼ ትመጫለሽ?» አላለቻትም። «የት ነው ያደርሽው? ልጆቹስ?» ብላ ጀመረች። ቀጥላም «የሚመጡት ሁለት ክፍያዎችሽ ሳይጎድሉ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አሁን አላውቀውም፣ አርብ እነግርሻለሁ» አለቻት። አርብ ደወለች። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ መሥሪያ ቤቱ ስለሰጣት የስጦታ ካርድ በአንድ ቃል ነው ያለፈችው። የአርቡን ስልክ ግን ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ።

ለምን ቢባል፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው የመኪና ብድር አይቆምለትም። አዲስ ቤት ሲፈልግም አከራዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የገቢ ማስረጃ ነው። ፓስፖርቱ፣ የልደት ሰርተፍኬቱ፣ ውሉ ሁሉ አመድ ሆኗል። ሠራተኛው ማን እንደሆነና ምን እንደሚያገኝ የሚመሰክር ወረቀት ቶሎ ሊገኝ የሚችለው የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ፋይል ውስጥ ነው። እኛ ተመርቀን የምንቀመጥበት ወንበር ማለት ነው። በዕለቱ ተጽፎ የሚሰጥ አንድ የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ ስንት ችግር እንደሚፈታ አስቡት፤ ዋጋው ማኅተምና ወረቀት ነው።

«ድርጅቱ ራሱ ከተቃጠለ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ፓራዳይዝ የምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ስትቃጠል 85 ሰዎች ሞቱ። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ታካሚዎችን በገዛ መኪናቸው ጭነው ነበር ያሸሹት። ሆስፒታሉ ግን ተጎድቶ ሳይከፈት ቀረ፤ ብዙዎቹም ቤታቸውም ሥራቸውም አብሮ ሄደ። እንዲህ ሲሆን አሠሪ ብቻውን አይችለውም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አጥ እስከ 26 ሳምንት የሚደርስ የአደጋ ጊዜ ድጎማ አለው። በይፋ በታወጀ አደጋ አሠሪው ለሠራተኛው የሚሰጠው የአደጋ እርዳታም ከገቢ ግብር ነፃ ነው። የሌለውን ገንዘብ ክፈል የሚል የለም። ይህን እወቁና አመልክቱ ብሎ መንገር ግን የከሰረ ድርጅትም ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው የቤት ሠራተኛዋና የአትክልተኛው ጉዳይ ነው። ፓሊሴድስ ውስጥ የሀብታም ቤት ሲቃጠል ዜናው ስለ ባለቤቱ ነበር፤ በዚያ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን እያጸዳች ልጅ የምታሳድገው ሴት ግን ውል የላት፣ ፋይል የላት፣ የመኖሪያ ወረቀት ከሌላት ደግሞ የሥራ አጥ ድጎማ እንኳ አይደርሳትም። እዚህ ላይ የሰው ሀብት አስተዳደር መጽሐፎቻችን ዝም ይላሉ፤ አሠሪ ማለት ለእነሱ ቢሮ ያለው ብቻ ነዋ።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ጭስና አመድ አለ። በካሊፎርኒያ የሥራ ደህንነት ደንብ መሠረት የደቃቅ ብናኝ መለኪያው 151 ሲደርስ አሠሪው ከቤት ውጭ ለሚሠሩት ማስክ ማቅረብ አለበት፣ ከ500 ሲያልፍ ማድረጉ ግዴታ ነው። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ቁጥር ስላለው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል አይተናል። የጫካ እሳት ባይሆንም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ነዷል፤ ያኔ እኔ የሰማሁት ወሬ ሁሉ ስለ ባለሱቆቹ ነበር እንጂ ስለ ተቀጣሪ ሻጮቹ አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲቋረጥ ውሉ ለጊዜው እንዲታገድ ይፈቅዳል። አሠሪው በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሁፍ ያሳውቃል፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ጥሩ፣ ሠራተኛው አልተባረረም። ግን በእገዳው ጊዜ ደመወዝም የለም። 90 ቀን ያለ ደመወዝ አዲስ አበባ ላይ! እስቲ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ጠይቁ።

ይህን ክፍተት አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም፤ በኅብረት ስምምነት መሙላት ይቻላል። ለምሳሌ የመጀመሪያው ወር በግማሽ ደመወዝ፣ ወይም በቅድሚያ ተከፍሎ ቀስ በቀስ የሚቆረጥ ብድር። ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የሠራተኛ አስተዳደር መመሪያ አዘጋጁ ስትሉን አንዲት ጥያቄ ጨምሩልን፤ ድርጅቱ በእሳት ምክንያት 40 ቀን ቢዘጋ፣ የሠራተኞቹን ስልክ ቁጥር የያዘው ማነው፣ በሦስተኛው ቀን ደውሎስ ምን ይላቸዋል?