ኦቾሎኒው ባዶ ሲሆን ማን ይጠየቃል?

ከጭሮ እስከ ዳሮ ለቡ የማዳበሪያ ክርክር በዋጋና በመዘግየት ይጀምራል፣ በዚያው ያልቃል። ከረጢቱ ውስጥ ስላለው ነገር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ኤንፒኤስ በ100 ኪሎው 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ሰልፈር ይዟል። የዩሪያ ሥራ ናይትሮጅን መስጠት ብቻ ነው። ካልሲየም በሁለቱም የለም። ኦቾሎኒ ደግሞ ፍሬውን የሚሞላበትን ካልሲየም በቅርፊቱ በኩል በቀጥታ ከከበበው አፈር ይወስዳል። አፈሩ ካጣ ተክሉ ለምልሞ ቅርፊቱ ባዶ ይቀራል፤ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ይዞ ገለባ ይሰበስባል።

ይህ ማለት ለሁሉም ጂፕሰም ይታደል ማለት አይደለም። ካልሲየም የሞላው አፈር ላይ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራም መነሻው አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ለሁሉም ማሳ አይበጅም የሚል ነበር። የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ዞኑ ውስጥ አለ። ኦቾሎኒ አምራች ቀበሌዎች ከመጪው ዘር በፊት አፈራቸው ተመርምሮ ውጤቱ በቋንቋቸው ይነገራቸው። ከረጢቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።