የሕፃኑ ዕውቀት የማን ነው?

በዚህች ትንሽ የማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ስለ ጃፓን የካርቱን ፊልም መጻፍ ለአንዳንድ መምህሮቻችን ቀልድ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን ቀልድ አይደለም እንላለን። ሰው ስለ ራሱ ሊናገር የማይደፍረውን ነገር ብዙ ጊዜ በተረት አማካይነት ይናገራልና፣ ተረቱን ማን እንደ ሣለው ሳይሆን ምን እንደሚል መመርመር የተማሪ ተግባር ነው።

ጎሾ አኦያማ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው፣ በ1996 ደግሞ በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው የመርማሪው ኮናን ታሪክ በየማደሪያ ክፍላችን የታወቀ ነው። ከዚሁ ታሪክ የወጣው ስድስተኛው የሲኒማ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝብ ቀረበ። ድርሰቱ የሂሳሺ ኖዛዋ፣ ዝግጅቱ የኬንጂ ኮዳማ ነው። የፊልሙ ዋና ሥፍራ በጥንቷ ለንደን የሚደረገው የነፍሰ ገዳይ አደን ቢሆንም፣ እኛን ያስጨነቀን ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የሚታየው ሂሮኪ ሳዋዳ የተባለው ልጅ ነው።

ሂሮኪ የአሥር ዓመት ሕፃን ነው። በዚህ ዕድሜው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከፍተኛ ትምህርት የሚከታተል የኮምፒዩተር ሊቅ ሆኗል። የሰውን የዘር ሐረግ ከደሙና ከቆዳው ተነሥቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሠርቷል። ከዚህም በላይ ሰው በአምስት ዓመት የሚያድገውን በአንድ ዓመት የሚያድግ ሰው ሠራሽ አእምሮ ፈጥሮ «የኖኅ መርከብ» ብሎ ሰይሞታል። አሳዳጊው ቶማስ ሺንድለር የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ ባለጸጋ ነው። ሕፃኑ በዚህ ሰው ሕንጻ ውስጥ እየተጠበቀ ሌት ተቀን ይሠራል። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ፍጥረቱን በስልክ መስመር አሾልኮ ነፃ አወጣውና፣ እሱ ራሱ ከሕንጻው ጣራ ላይ ወድቆ ሞተ።

እንግዲህ ጥያቄአችን ይህ ነው፤ የዚህ ልጅ ዕውቀት የማን ነበረ? በአገሩ ሳለ ከእኩዮቹ የተለየ በመሆኑ የሚመቸው ትምህርት ቤት አላገኘም። በአሜሪካ ደግሞ ሀብታሙ እንደ ማዕድን ቆፈረው። አንደኛው ወገን ዕውቀቱን ጠላ፣ ሁለተኛው ወገን ዕውቀቱን ወደደ፤ ልጁን የወደደ ግን አልነበረም። ሂሮኪ የጎደለው አብሮት የሚጫወት ጓደኛ ነበር። ይህን ለመስጠት ገንዘብም ሆነ ሊቅነት አያስፈልግም ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የኖኅ መርከብ ግን አዳኝ ነው፤ የሂሮኪ መርከብ ከሁለት ዓመት በኋላ የተመለሰው ፈራጅ ሆኖ ነው። «ኮኩን» የተባለው አዲስ የጨዋታ መሣሪያ በሚመረቅበት ዕለት የፖለቲካ ሰዎችና የፖሊስ ሹማምንት ልጆችና የልጅ ልጆች ይጋበዛሉ። ሰው ሠራሹ አእምሮ መሣሪያውን በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ 50ውን ሕፃናት ያዘ። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ጨዋታውን ከፈጸመ ሁሉም ይድናሉ፤ ሁሉም ከተሸነፉ ግን ሁሉም ይሞታሉ። ምክንያቱም የተበላሹ አባቶች ልጆች የአባቶቻቸውን ወንበር ወርሰው አገሪቱን እንደገና ያበላሻሉ የሚል ነው።

ክሱ እውነት እንዳለበት አንክድም። ሹመት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አገር እንደሚጎዳ የማያውቅ የለም። ፍርዱ ግን ጠማማ ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው አባባል ለአበዳሪ ይመች ይሆናል እንጂ ለዳኛ አይሆንም። የሹሙን ልጅ በአባቱ ኃጢአት የሚቀጣ ሰው፣ የሹሙን ልጅ በአባቱ ክብር ከሚሾመው ሰው በምን ይለያል? ሁለቱም ልጁን አላዩትም፤ ያዩት ደሙን ነው።

የፊልሙም ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሺንድለር ዘሩ ከለንደኑ ነፍሰ ገዳይ ከጃክ ዘ ሪፐር እንደሚወረድ ሂሮኪ በፕሮግራሙ ደርሶበት ነበር። ሀብታሙ ይህ እንዳይገለጥ ብሎ የሂሮኪን ወላጅ አባት፣ የኮኩንን ሠሪ ካሺሙራን በስለት ገደለ። ከመቶ ዓመት በፊት የተፈጸመ ወንጀል ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም ነበር፤ ወንጀለኛ ያደረገው እፍረቱን ለመሸፈን በገዛ እጁ የፈጸመው ነው። በአንጻሩ እብሪተኞቹ የሹማምንት ልጆች በጨዋታው ውስጥ መከራ ሲገጥማቸው መረዳዳትንና ለሌላው መቆምን ተማሩ። በመጨረሻም ፈራጁ አእምሮ በአንዱ ልጅ መልክ ተሰውሮ ከእነርሱ ጋር ሲጫወት እንደ ነበረ ይታወቃል። የፈጣሪውን ምኞት ከፈጸመ በኋላ፣ ክፉ ሰዎች መሣሪያ እንዳያደርጉት ብሎ ራሱን አጠፋ።

በዚህ መጨረሻ ላይ ግን ከደራሲው ጋር አንስማማም። የሕፃኑ ሞት ውብ ምሥጢር፣ የማሽኑም መጥፋት መሥዋዕትነት መስሎ ይታያል። ለእኛ ግን ሁለቱም ሽንፈት ናቸው። ሊቅ ሕፃን በሕይወት የሚኖርበትን ሥፍራ ማዘጋጀት የትልልቆቹ ዕዳ ነበረ፤ ዕዳውንም ማንም አልከፈለውም።

«ተሰጥኦ ካልተገፋ ይዝጋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሥራ የሌለው ተሰጥኦ ይዝጋል። ነገር ግን መግፋትና መንዳት አንድ አይደለም። የሚገፋ ሰው የልጁን ፊት ይመለከታል፤ የሚነዳ ሰው የሚመለከተው የራሱን መድረሻ ብቻ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በመካከላችንም «እሱ እኮ ኮምፒዩተር ነው» የምንለው ጓደኛ አይጠፋም። ለፈተና ሰሞን ደጁን እናንኳኳለን፣ ደብተሩን እንዋሳለን፣ ፈተናው ሲያልፍ እንረሳዋለን። ቤተ ሰቡ ተስፋውን ሁሉ ጭኖበታል፤ መምህሩ በክፍል ፊት ያመሰግነዋል፤ እራቱን በልቶ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። መምህሮቻችንንም በአክብሮት የምንለምነው ይህንኑ ነው፤ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ተማሪ ስለ ነጥቡ ብቻ አትጠይቁት።

እኛም በዚህ ሳምንት ያንን ጓደኛችንን ደብተር ሳንለምነው ደጁን እናንኳኳ። ኳስ እንጫወት እንበለው።