ሕጉ ዝም ያለበትን ማን ይተርጕም?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጁን 28 ቀን 2024 ዓ.ም. የሰጠው ፍርድ፥ መነሻው የዓሣ አጥማጆች አቤቱታ ቢሆንም፥ የሚነካው በመንግሥት ሥራ የተሾመውን ሁሉ ነው። ሕጉ በግልጽ ያልተናገረውን ለመተርጐም ሥልጣን ያለው ሹሙ ነው ወይስ ዳኛው?

በ1976 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ማጥመድ ሕግ የሚጠመደውን ዓሣ የሚመለከቱ ተቈጣጣሪዎች በጀልባ ላይ እንዲሳፈሩ ይፈቅዳል። ወጪያቸውን ባለጀልባው እንዲችል በግልጽ የተናገረው ግን ስለ ሦስት ወገኖች ብቻ ነው፤ በአትላንቲክ ባሕር ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ስለሚያጠምዱት ምንም አላለም። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ እነዚህም እንዲከፍሉ አዘዘ። ወጪው በቀን እስከ 710 ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። የኒው ጀርሲና የሮድ አይላንድ አጥማጆች አቤት ቢሉ የበታች ፍርድ ቤቶች ለመሥሪያ ቤቱ ፈረዱለት።

የበታቾቹ ዳኞች የተመሩት በ1984 ዓ.ም. ስለ አየር ንጽሕና ሕግ በተነሣው የሼቭሮን ክርክር በተሰጠው ፍርድ ነው። በዚያ ፍርድ መሠረት የሕጉ ቃል አሻሚ ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ትርጓሜ ከአእምሮ የራቀ እስካልሆነ ድረስ ዳኛው ሊቀበለው ይገባው ነበር። አርባ ዓመት የጸናው ይህ ሥርዓት አሁን ተሻረ። የፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር ጆን ሮበርትስ እንደ ጻፉት፥ በ1946 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሕግ የሕግን ጥያቄ ሁሉ ፍርድ ቤት እንዲወስን ያዛል፤ አሻሚውን ቃል መፍታትም የዳኛ ሙያ ነው።

ፍርዱ በዋናው ነገር ትክክል ነው። ጽሕፈቱ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ብዙ መሆኑን ሊቃውንት ያውቁታል፤ ነገር ግን ደንቡን ያወጣው መሥሪያ ቤት የሥልጣኑን ወሰን ራሱ ከተረጐመ፥ በገዛ ነገሩ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሥርዓት ለግዛቱ አስቀድሞ በ2018 ዓ.ም. ትቶት ነበር፤ የፍሎሪዳ ሕዝብም በዚያው ዓመት በምርጫ ድምፁ በሕገ መንግሥቱ ከልክሎታል።

ይሁን እንጂ ዳኛዋ ኤሌና ኬገን በተቃውሞ የጻፉት ሊናቅ አይገባውም። ስለ መድኃኒትና ስለ አየር መመረዝ የሚወጣው ሕግ ጥልቅ ዕውቀት ይፈልጋል፤ ዳኛው ከሕግ መጻሕፍቱ አያገኘውም። ፍርድ ቤቱም ቢሆን የባለሙያን ምክር መስማትን አልከለከለም፤ ሕጉ ራሱ ለመሥሪያ ቤቱ በግልጽ የሰጠውን ሥልጣን እንዲከበርለት፥ በቀድሞው ሥርዓት የተፈረዱትም ነገሮች እንዲጸኑ ብሏል።

የበለጠ የሚያሳስበው ከሦስት ቀን በኋላ፥ ጁላይ 1 ቀን፥ የተሰጠው ሌላ ፍርድ ነው። በሰሜን ዳኮታ በ2018 ዓ.ም. የተከፈተ አንድ የመንገድ ዳር ነዳጅ ማደያና ሱቅ፥ በ2011 ዓ.ም. ስለ ባንክ ካርድ ክፍያ የወጣውን ደንብ እንዲከስ ተፈቀደለት፤ የስድስቱ ዓመት ይርጋ የሚቈጠረው ከሳሹ ከተጐዳበት ቀን ነው ተብሏልና። እንግዲህ ደንቡ ቢያረጅም ትናንት የተቋቋመ ነጋዴ ሊነሣበት ይችላል። ይርጋው ደንቡ ከወጣበት ቀን እንዲቈጠር ኮንግሬሱ በማያሻማ ቃል ቢወስን፥ ነጋዴውም ሹሙም የሚተማመኑበት ወሰን ይኖራቸዋል።