ኔትወርኩማ አለ!

ነገሩ የጀመረው በሥራ ማመልከቻ ነው። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ሥራ የምንፈልግ ልጆች ዋናው ሥራችን ማመልከቻ መጻፍ እንደሆነ ይታወቃል (ደመወዝ የለውም እንጂ)። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አንጠራም፣ ማስታወቂያ አወጣ። የሚቀበለው በኢሜይል ብቻ ነው። ላክን። በማግሥቱ «መልእክትዎ ዘግይቷል፣ ደጋግመን እየሞከርን ነው» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ መጣ፤ የአጭበርባሪ መልእክት መስሎን አለፍነው። የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ማመልከቻችን ከነአባሪው ተመልሶ መጣ።

ስልክ ደወልን። «እህቴ፣ ሰሞኑን ኔትወርክ የለም» አለችን ጸሐፊዋ። በትሕትና ነው ያለችው፤ ክፋት የላትም። ታዲያ ቀኑ ይራዘማል ወይ ብንላት «እሱን አላውቅም» ሆነ መልሱ።

ራስ መኮንን ድልድይን የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወደ ፒያሳም ሄደ ወደ አራት ኪሎ መንገዱ ዳገት መሆኑን ያውቃል። እዚያው ዳገት ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለን። የምናውቃቸው የፒያሳ ኢንተርኔት ቤቶች በ2016ቱ ፈረሳ ከነሰፈራቸው ስለሄዱ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን የምንሮጠው ወደ እሱ ነው። የተመለሰውን መልእክት አሳየነው። እኛ የማናነባትን የመጨረሻዋን መስመር አነበበና ሳቀ።

«ኔትወርክ የለም ብለውናል» አልነው።

«ኔትወርኩማ አለ! ባይኖር እንዲህ አይልም።»

መስመሯ የምትለው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ነው። ልጁ በመስኮቱ ወደ ድልድዩ እያሳየ አስረዳን። ድልድዩ ከተቆረጠ ማዶ አትደርሱም፤ ቆማችሁ ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ትመለሳላችሁ። ይኼ «ታይምድ አውት» ይባላል። መስመሩ ተቋርጧል፣ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ወይም ፋየርዎል የሚሉት ዘበኛ ዝም ብሎ እየመለሳችሁ ነው። «ሪፊውዝድ» ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ታሪክ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሱቁ ደርሳችኋል፤ ሱቁ አልተከፈተም። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚገባው በፖርት 25 ነው። ማሽኑ በርቷል፣ መስመሩም አለ፣ ነገር ግን በዚያ በር ላይ ቆሞ «አቤት» የሚል ፕሮግራም የለም። የኢሜይል አገልግሎቱ አልተነሳም ማለት ነው። ውጭ አገር በተከራየው ማሽን በኩል ሌላ በር ሞከረ፤ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ከዚያው ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅብናል!

ለምን አይነሳም? ዋናው ተጠርጣሪ የምናውቀው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፤ አገልግሎቱ ግን ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሳ ካልታዘዘ ሰው በእጁ እስኪያስነሳው ተኝቶ ይቀራል። የመጀመሪያ ቀን በእጁ ያስነሳው ባለሙያ ሥራ ከለቀቀ ደግሞ የሚያስነሳው የለም። ወይ ዲስኩ ሞልቷል። ወይ ቅንብሩን የነካ ሰው አንዲት ፊደል ስቷል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ግን መገመት አያስፈልግም። ሰርቨር ሎግ የሚባል ማስታወሻ አለው፤ ሊነሳ ሞክሮ ያቃተው እንደሆነ ምክንያቱን ከነሰዓቱ ይጽፋል። ሞክሮ እንኳ ካልሆነ ዝምታው ራሱ ምስክር ነው። ማስታወሻውን ለማንበብ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የሚያነብ ሰው ካለ ነው እንግዲህ።

የእኛ ቅሬታ ታዲያ ማሽኑ ላይ አይደለም። ማሽኑ እውነቱን ተናግሯል። ቅሬታችን «ኔትወርክ የለም» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚህች አገር ኔትወርክ በእውነት የጠፋበትን ጊዜ እናውቃለን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጅቷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ መቋረጥ ነበር። ኢሜይል ታጋሽ ነገር ነው፤ ተቀባዩን ሲያጣ ወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። ግን ትዕግሥቱ ልክ አለው፣ ብዙ ሰርቨሮች ላይ 5 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ለላኪው ይመልሰዋል። ሰርቨሩን አዲስ አበባ ላይ የተከለ መሥሪያ ቤት በዚያ ሰኔና ሐምሌ ከውጭ የተላከለት ስንት ደብዳቤ በስድስተኛው ቀን እንደተመለሰ አስቡት።

እንግዲህ መስመሩን የዘጋ ባለሥልጣንም፣ አገልግሎቱን ማስነሳት የረሳ ባለሙያም፣ መብራቱም፣ ሁሉም «ኔትወርክ የለም» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሥር ይጠለላሉ። ተጠያቂ ሲጠፋ የሚከፍለው በር ላይ የቆመው ሰው ነው። እኛ አንድ ማመልከቻ አጣን። ሌላው የዩኒቨርሲቲ ምላሽ፣ ሌላው የጨረታ ሰነድ ያጣል።

ድሮ ይሻል ነበር እንዳንል ቴሌ ኢንተርኔትን ለሕዝብ ያቀረበው ጥር 1989 ዓ.ም. ነው፤ እኛ አልተወለድንም። ከዚያ በፊት ግን በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። መልእክቱ ይጠራቀማል፣ ማሽኑ በስልክ መስመር ለንደን ይደውላል፣ ያለውን ሰጥቶ የመጣውን ተቀብሎ ይዘጋል። ቀርፋፋ ነው። ነገር ግን የሠሩት ሰዎች መስመሩ እንደሚቋረጥ ቀድመው አውቀው፣ መቋረጡን አስበው ነው የሠሩት። የዛሬዎቹ መሥሪያ ቤቶች መብራት የማይጠፋበት አገር ያሉ ይመስል ነው የሚሠሩት።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማመልከቻ በኢሜይል ብቻ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ተለዋጭ አድራሻ ያስቀምጥ፤ የራሱ ሰርቨር ሲተኛ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያቆይ ሁለተኛ ሰርቨር ሌላ ቦታ ይኑረው። የኢሜይል ደንቡ ራሱ «ፖስትማስተር» የሚባል አድራሻ በየሰርቨሩ እንዲኖር ያዛል፤ ሰው ያንብበው። የተዘጋበት ቀን ከነምክንያቱ ይነገር፣ የጠፋው ቀንም ለአመልካቹ ይታሰብለት። በደብዳቤ ግርጌ የጂሜይል አድራሻ የሚጽፉትን መሥሪያ ቤቶች እናሾፍባቸው ነበር፤ ከአሁን በኋላ ትንሽ እንጠነቀቃለን። የእነሱ ቢያንስ ይደርሳል።

የተመለሰውን መልእክት ፕሪንት አድርገን፣ የመጨረሻዋን መስመር አስምረን በእግራችን ወሰድንላቸው። ጸሐፊዋ ተቀብላ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጠችው። ማክሰኞ ልጁ እንደገና ሞከረልን፤ አሁንም «ሪፊውዝድ» ነው የሚለው።