በኩራዝ ነው ያጠናነው

በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ ሐበሻ ዘንድ እንደ ሕግ አንቀጽ የሚጠቀስ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «እኛ በኩራዝ ነው ያጠናነው።» ልጅ «የማጥኛ ጊዜ አጣሁ» ባለ ቁጥር ይጠቀሳል፤ ከተጠቀሰ በኋላ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። እኔም የምሟገተው ስለ ጎደለው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለኮሌጅ ተማሪዎች ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ከነሱ መካከል ኦፕቶሜትሪስት መሆን የሚፈልጉ የኛው ልጆች አሉ። ኦፕቶሜትሪስት ዓይን መርምሮ መነጽር የሚያዝ፣ የዓይን በሽታ ለይቶ የሚያክም፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ቀዶ ሐኪም የሚልክ ባለሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከኮሌጅ በኋላ ሌላ አራት ዓመት ያስተምራል። በሩ ላይ የቆመው ፈተና ኦኤቲ ይባላል።

ወላጆች ስለዚህ ፈተና ብዙም ስለማያውቁ ልንገራችሁ። አራት ክፍል አለው። የተፈጥሮ ሳይንሱ ክፍል 40 የባዮሎጂ፣ 30 የጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ 30 የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ በድምሩ 100 ጥያቄ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ። ለአንድ ጥያቄ 54 ሰከንድ ማለት ነው። ፊዚክሱ 40 ጥያቄ በ50 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 40 ጥያቄ በ45 ደቂቃ፣ የንባቡ ክፍል ደግሞ 60 ደቂቃ። ዕረፍቱን ሳንቆጥር 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ውጤቱ ከ200 እስከ 400 ይደርሳል፤ 300 መሀሉ ነው።

እዚህ ላይ ቁም ነገሩ ሰከንዱ ነው። የሌንስን ቀመር በሽምደዳ መያዝ ይቻላል፤ አንድ ማታ ይበቃል። ግን «በቅርብ ብቻ የሚያይ ሰው መነጽሩ ማይነስ 2 ዳዮፕተር ነው፤ ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ ስንት ነው?» ተብሎ ሲመጣ አንድን ለሁለት አካፍሎ «ግማሽ ሜትር» ማለት፣ በ75 ሰከንድ፣ ያውም በ30ኛው ጥያቄ ላይ ደክሞ ሳለ፣ የሽምደዳ ሥራ አይደለም። ይህ የሚመጣው ሰዓት ይዞ፣ ሳይቋረጡ፣ ደጋግሞ በመሥራት ነው። ፍጥነት የሚገነባው በተከታታይ ሰዓት ነው። ሃያ ደቂቃ እዚህ፣ ግማሽ ሰዓት እዚያ ቢለቃቀም ተደምሮ አራት ሰዓት አይሆንም።

የኛ ልጆች የሚያጡት ደግሞ ይህንኑ ነው። ገንዘቡማ ይገኛል። አባት በፓርኪንግ ደሞዙ የማጥኛ ፓኬጁን በመቶዎች ዶላር ይገዛል፤ እግዜር ይስጠው። በማግስቱ ልጁ እናቱን ክሊኒክ ወስዶ ያስተረጉማል። ከኢሚግሬሽን የመጣውን ደብዳቤ ያነባል። ከዳለስ ኤርፖርት እንግዳ ይቀበላል። ቅዳሜ ክርስትና፣ እሑድ ለቅሶ። ሴት ልጅ ከሆነችማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናውም የሷ ነው። ፓኬጁ የሦስት ወር ነበር፤ ሳይከፈት ጊዜው ያልፍበታል። ከዚያ «ይኼን ሁሉ ከፍለንልሽ!» ይመጣል።

ሲቀጥል ኩራዙ ይጠቀሳል። እኔ ታዲያ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ላምባውን ማን ገዛው?

አስታውሱ እንጂ። ማትሪክ ተፈታኝ ያለበት ቤት ሬዲዮ ይቀነስ ነበር። ተፈታኝ አይላክም፤ ታናሽ ነው የሚላከው። ዕንቁላል ከተገኘ ለሱ ነው። ጎረቤት እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኩራዟ ደብዛዛ ነበረች፤ ዙሪያዋን ግን ቤቱ ሁሉ ዘብ ቆሞ ነበር። ደግሞስ ያኔ አብሯችሁ የተፈተነው የሰፈር ልጅ አብዛኛው ያው በኩራዝ ያጠና ነው። እዚህ ከልጃችሁ ጋር የሚወዳደረው ክረምቱን ሙሉ ሥራ ሳይገባ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በሩን ዘግቶ ያጠና ልጅ ነው። እናንተ ከኩራዙ የወረሳችሁት ድካሙን ብቻ ነው፤ ጥበቃውን ረስታችሁታል።

«ድሃ ነን፤ የልጁ ደሞዝ ከቤት ኪራዩ ውስጥ አለ» የሚለኝ አለ። ይህ የምር ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ላይ ጣት አልቀስርም። የኔ ጥያቄ ግን ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት በአንድ ሌሊት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የምናዋጣ፣ ድንኳን የምንተክል፣ በተራ የምናድር ሕዝብ ነን። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ ማኅበር አለን። ለሞተው ይህን ሁሉ የምናደርግ ሰዎች በቁሙ ለሚፈተነው አሥራ ሁለት ሳምንት ማዋጣት እንዴት ያቅተናል? አንዱ በማስተርጎም ይተካው፤ ሌላው ኤርፖርት ይሂድለት። ሰኞና ማክሰኞ ባዶውን የሚውለው አዳራሽ ቁልፉ ይሰጠው። የዕቁቡ ዕጣ አንድ ዙር ለተፈታኝ ቤት ይቅደም፤ የጎደለው ደሞዝ በዚያ ይሸፈናል።

«ቤተሰብ መርዳት ልጅን ያበስላል» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። በዓመቱ አርባ ሳምንት ይብሰል። አሥራ ሁለቱን ግን ይተዉለት፦ ስምንቱን ትምህርቱን ሊከልስበት፣ አራቱን በየሳምንቱ ሙሉ ፈተና በሰዓቱ ተቀምጦ ሊለማመድበት። ስሕተት ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ ጥያቄ ትቶ እንዳይወጣ እንኳ መማር ልምምድ ይጠይቃል።

አንድ የቀረ አለ፤ በግልጽ አይነገርም እንጂ ከሁሉም ይከፋል። «ያው መነጽር ሻጭ ልትሆን ነው፤ ሜዲካል ስኩል አልሆነላትም መሰለኝ።» ለዚህ ነው ቤቱ ጸጥ የማይልላት። ለሐኪም ሬዲዮ ይቀነሳል፤ ለመነጽር አይቀነስም። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከደከሙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ መነጽር ሊያስተካክለው በሚችል ችግር የተጠቁ ነበሩ። መነጽር ያጣው ተማሪ ሰነፍ ይባላል እንጂ ታማሚ አይባልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን የሚያሠለጥነው ለዚህ ነው። እዚህስ? ስኳር ያለበት የታክሲ ሾፌር «ዓይኔ ብዥ ይልብኛል፣ ማታ ማታ መብራቱ ይበተንብኛል» ሲል በራሱ ቋንቋ የሚሰማው ባለሙያ ቢያገኝ ይጠላል? በልጁ አስተርጓሚነት እኮ ነው አሁን የሚመረመረው፤ በዚያው ማጥኛ ጊዜ ባጣው ልጁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አጀንዳ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ዘንድሮ ፈተና ያለበት ልጅ የትኛው ቤት ነው?» ስሙ ይመዝገብ፤ ከዚያ ሥራው በተራ ይከፋፈል።