ሳቀብኝ እና አሳቀኝ ለየቅል ናቸው

ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ጨዋታ የማያውቅ ሰው ብቻውን ይቀራል። ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። አንዱ «አቦ» ብሎ የጎረቤቱን ቆብ ይተርባል፤ ያም አይምረውም፣ ጫማውን አንስቶ ይመልስለታል። ይህ ተረብ ነው። ተራው ስለሚዞር ማንም አይቀየምም።

ችግሩ ሌላውም ነገር ሁሉ በዚሁ ስም መሸፈኑ ነው።

መናኸሪያ ላይ ተማሪዋን ስለ ሰውነቷ እየተናገረ የሚከተላት ወጣት ሲቆጡት «ቀልዴን ነው» ይላል። ከገጠር የመጣ ገበሬ በአማርኛ «አንተ»ና «አንቺ»ን ሲያምታታ ሱቅ ሙሉ ሰው ይስቅበትና «ቀልድ አታውቅም እንዴ?» ይባላል። ኦሮምኛ የሚያደናቅፈው የከተማ ሰው ደግሞ ቢሮ ገብቶ ጉዳዩን ሲያስረዳ ሠራተኛው አነጋገሩን እያስመሰለ ጓደኞቹን ያስቃል፤ እሱም «ተጫወትን እኮ» ነው መልሱ።

አልተጫወቱም። የመጀመሪያው ለከፋ ነው፤ ሁለቱ ፌዝ ናቸው። ልጅቷ መንገዷን ትቀይራለች፣ ገበሬው ዋጋ ሳይከራከር ይወጣል፣ ባለጉዳዩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ይመለሳል። ሦስቱም መልስ የመስጠት ተራ አልደረሳቸውም።

አማርኛ ይህን ልዩነት ጥንቅቅ አድርጎ ያውቀዋል። «አሳቀኝ» እና «ሳቀብኝ»፣ «አጫወተኝ» እና «ተጫወተብኝ» አንድ አይደሉም። በእነዚህ ቃላት «ብኝ» የገባችበት ተጎጂ አለው። በኦሮምኛም «ናቲ ኮልፌ» ያለ ሰው ሳቀብኝ ማለቱ ነው። የሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪ የሚያውቀውን ልዩነት አላውቅም ማለት ማጭበርበር ነው።

«ሰው ሆድ ባሻ ሆነ፤ እንዲህ ከሆነ ቀልድ ሊጠፋ ነው» የሚሉ አሉ። ቀልድን የሚያጠፋው የተከፋው ሰው አይደለም። ስድቡን በቀልድ ስም የሚሸጠው ነው፤ በእሱ የተነሳ እውነተኛው ተረበኛም ይጠረጠራል።

ሕግ ይህን አይጨርሰውም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። የሱቁ ሳቅና የቢሮው ማስመሰል እዚያ ሳይደርሱ በየቀኑ ይዋጣሉ። ሊያስቆማቸው የሚችለው አጠገብ ቆሞ የሚስቀው ሰው ነው። እሱ ካልሳቀ ፌዘኛው ገበያ የለውም።

መለያው ቀላል ነው፦ የተነገረበት ሰው ያለ ፍርሃት መመለስ ይችላል? ከቻለ ተረብ ነው፣ ይቀጥል። ካልቻለ ግን «ቀልዴን ነው» ማለት ተናጋሪውን አያድነውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።